የሰኞ ሳል
ስለ ጥጥ ብናኝና ስለ ሠራተኛው ሳንባ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር



ዛሬ ለበዓሉ ክብር ነጭ ለብሰን ተሰብስበናል። ልብሱን ስናይ የሸማኔውን ጥበብ እናደንቃለን እንጂ፣ በፋብሪካ ጥጡን ያባዘተው ሠራተኛ ምን ሲተነፍስ እንደ ዋለ አናስብም። እኛ የጤና ክበብ አባሎች በዚህ አጭር ንግግር ልናስረዳ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ጥጥ ከማሳ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። የቅጠልና የግንድ ስብርባሪ፣ አፈር፣ እንዲሁም በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያና ሻጋታ አብረውት ይመጣሉ። በፋብሪካ እስሩ ተፈትቶ ሲበተንና በመኪና ሲባዘት ይህ ሁሉ ደቆ እንደ ጉም ይነሣል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት በእነዚህ የመጀመሪያ ክፍሎች የሚሠሩት ናቸው።

ከዚህ ብናኝ የሚመጣው በሽታ ቢሲኖሲስ ይባላል። ሠራተኛው እሑድ ዐርፎ ሰኞ ሲመለስ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደረቱ ይጨነቃል፤ ያስለዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ማክሰኞ ሲሻለው «ብርድ መትቶኝ ነበር» ብሎ ይተወዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን የሰኞው ጭንቀት ወደ ማክሰኞና ወደ ረቡዕ ይሻገራል፤ በመጨረሻም በዕረፍት እንኳ የማይለቅ የትንፋሽ እጥረት ሊሆን ይችላል። ሲጋራ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። በሽታው እንደ ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሁለቱን የሚለየው ግን ሐኪም ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተልባ ተክል ጭረት የሚያበጥሩ ሠራተኞች በብናኙ እንደሚያስላቸው ጽፏል። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ሺሊንግ በላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች የሰኞውን ምልክት መርምሮ በደረጃ ከፋፈለው። አሜሪካም በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ፣ በፈትል ክፍሎች የሚኖረው ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ200 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወሰነች። ከዚያ ወዲህ በሽታው በዚያ አገር እጅግ ቀንሷል። እንግዲህ ሊከለከል የሚችል በሽታ ነው ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። በድሬዳዋ፣ በአቃቂ፣ በ1953 ዓ.ም. በባሕር ዳር፣ ኋላም በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቁመው ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ በልቶባቸዋል። ከእኛም መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ የክፍል ኃላፊ ወይም ባለ መኪና ሆኖ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ አይጠፋም።

ስለዚህ መፍትሔውን ከአሁኑ እንወቅ። አንደኛ፣ ብናኙ ወደ አየር ሳይበተን ከመኪናው ሥር በመምጠጫ ይወሰድ። ሁለተኛ፣ ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ወይም በአየር ግፊት አይጠረግ፤ ብናኙ እንደገና ይነሣልና። ሦስተኛ፣ አፍንጫና አፍ መሸፈኛ ለሠራተኛው ይሰጥ፤ ነገር ግን መምጠጫውን አይተካም። አራተኛ፣ የሠራተኛው ትንፋሽ ሥራ ሲጀምርና ከዚያም በየጊዜው ይለካ፤ የተጎዳውም ብናኝ ወደሌለበት ክፍል ይዛወር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ሰኞ ማታ እያሳለ ወደ ቤት ሲገባ «ጉንፋን ነው» ብለን አንለፈው። «ደረትህን የሚጨንቅህ በየትኛው ቀን ነው?» ብለን እንጠይቀው። በጊዜው የተነገረ የሰኞ ሳል ሳንባን ሊያተርፍ ይችላል።