የቡሬ ምሽግ

ከሽንዲ ወደ ቡሬ ገበያ የምትወጡ ሁሉ፣ ይህ አገር በ1933 ዓ.ም. የጦር በር እንደነበር ታውቁ ይሆን?

ጣሊያን የደብረ ማርቆስን መንገድ ለመዝጋት ቡሬንና ማንኩሳን በአፈር፣ በድንጋይና በሽቦ አጥር መሽጎ ነበር። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገቡ፤ በእንግሊዙ ዊንጌት የሚመራው አነስተኛ ጦርም ከሱዳን በግመል ተነስቶ በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ወጣ። ምሽግ ውስጥ ያለው የጣሊያን ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ታዲያ እንዴት ተሸነፈ? በሌሊት ጥቃት። ጥቂት ሰዎች ከየአቅጣጫው እየተኮሱ ብዙ መስለው ታዩ። በድምፅ ማጉያም የጠላትን ወታደሮች እንዲከዱ ቀሰቀሱ። ግን ያለ ጎጃም አርበኞች ይህ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር፤ ጠላትን ከምሽጉ እንዳይርቅ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

የካቲት 25 ቀን ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ።

የአፈር ምሽግን ግን ዝናብና ሞፈር ያጠፋዋል። የምሽጎቹን ቦታ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ፣ እባካችሁ ጠይቋቸው፣ የሚነግሯችሁንም ጻፉ።