ትንሿ ጀልባና የቆቦ ጉድጓዶች



ስለ ራያ ቆላ እንድናገር ተጋብዤ በሬዲዮ ስለምትታዘዝ የኤሌክትሪክ የእሽቅድምድም ጀልባ ማንሣቴ እንግዳ ሳይመስላችሁ አይቀርም። የቆቦ ሜዳ ሐይቅ የለውም። ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉ ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ እያወረዱ የከመሩት ደለል ግን ከሥሩ ብዙ ውሃ ይዟል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶችም ይህን ውሃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣሉ። ጀልባዋና ጉድጓዱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ሞተርን ከውሃ ጋር የማስማማት ጥያቄ ናቸውና።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ በባትሪ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ እያዘዘ ለሕዝብ አሳይቷል።

የዛሬዋ ጀልባ አካል ከስስ እንጨት ወይም ከፋይበርግላስ ይሠራል። ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደው ሻፍት ካልተስተካከለ ንዝረቱ ጉልበት ይበላል፤ ኩሽኔታም ይጨርሳል። የክብደቷ ማዕከል ከኋላ ጫፏ ተነሥቶ በርዝመቷ 30 በመቶ ግድም ላይ እንዲያርፍ ባትሪዎቹ ወዲያና ወዲህ እየተገፉ ይስተካከላሉ። ፊቷ ከከበደ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ኋላዋ ከከበደ ተነሥታ ትገለበጣለች።

ዋናው ትምህርት ግን በፕሮፔለሩ ምርጫ ላይ ነው። ለአንድ ቮልት 2,000 ዙር የሚዞር ሞተር 14.8 ቮልት ቢሰጠው ያለ ጭነት በደቂቃ 29,600 ዙር ይዞራል። ቅርጹና የዙሩ ፍጥነት ሳይለወጥ የፕሮፔለሩ ድያሜ በ10 በመቶ ቢጨምር የሚጠይቀው ኃይል ከ60 በመቶ በላይ ያድጋል። ድያሜው ሳይለወጥ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ደግሞ ኃይሉ በ33 በመቶ ያድጋል። ስለሆነም አዋቂው በትንሽ ፕሮፔለር ይጀምራል፤ ጀልባዋን ጥቂት አስሩጦ የሞተሩን፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውንና የባትሪውን ሙቀት ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ ደረጃ ይጨምራል። ማቀዝቀዣውም በቀጭን ቱቦ የሚገባው ያው የምትሄድበት ውሃ ነው፤ ቱቦው ከተደፈነ ሞተሩ ይቃጠላል።

የፓምፕ ኢምፔለር በመሠረቱ ለዚሁ ሕግ ይገዛል። በጉድጓድ ውስጥ የጠለቀው ሞተርም የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውሃ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ሲወርድ ወይም አሸዋ ፍሰቱን ሲያዳክም የሞተሩ የሽቦ ጥምጥም ይግላል፤ ጠባቂ መሣሪያው በወቅቱ ካላቆመውም ይነዳል። የነደደውን ሞተር ለማውጣት ክሬን ማምጣት፣ ቧንቧውን አንድ በአንድ መፍታት ያስፈልጋል። ይህ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሳምንት ከደረሰ፣ የገበሬው የዓመት ድካም ከማሳው ላይ ይደርቃል።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የፓምፕ ሙያ የሚማሩ ወጣቶች ጉድጓድ ላይ ከመሰማራታቸው በፊት እንዲህ ያለች ጀልባ ሠርተው በመስኖ ማጠራቀሚያ ገንዳ ላይ ይሞክሩ፤ ፕሮፔለር በለወጡ ቁጥር አምፔሩንና ሙቀቱን በመዝገብ ይጻፉ። ጀልባዋ የጉድጓድን ጥልቀትም ሆነ የሦስት ፌዝን መዛባት አታስተምርም። የሊትየም ባትሪዋ እሳት፣ ፕሮፔለሯም ጣት እንደሚያጠፋ አስቀድሞ መነገር አለበት።

መጫወቻ ናት የሚል ቢኖር፣ መልሴ አጭር ነው። በገንዳ ላይ የሚቃጠለው ሞተር በመዳፍ የሚያዝ ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ የሚቃጠለው ግን የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው።