የካርታ ትምህርትና የአገራችን የውጭ ግንኙነት
በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር



ዛሬ እንድንናገርበት የመረጥነው ርእስ ጂኦፖለቲካ የተባለው ትምህርት ስለ አገራችን የውጭ ግንኙነት ያለንን አስተያየት እንዴት እንደሚቀርጸው ነው። ቃሉ ከባድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል ነው። አንድ አገር ከጎረቤቶቹና ከሩቅ መንግሥታት ጋር ያለውን ወዳጅነትና ጠብ፣ ከተቀመጠበት ምድር፣ ከባሕሩና ከመንገዱ ተነሥቶ ለማስረዳት የሚሞክር ትምህርት ነው። በንግግራችን ውስጥ የሚነሡትን ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የምንጠራ መሆናችንን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከዚህ ትምህርት አባቶች አንዱ ማሃን የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። እርሱ በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባሕርን የያዘ መንግሥት ንግድን ይይዛል፣ በዚህም ይበረታል የሚል ሐሳብ አቀረበ። እንግሊዛዊው ማኪንደር በ1904 በሎንዶን ባደረገው ንግግር ነገሩን ገለበጠውና፣ የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋ ወዲህ መርከብ የማይደርስበትን የእስያን መሐል ምድር የያዘ ያይላል አለ። በ1940ዎቹ ደግሞ ስፓይክማን የተባለ በአሜሪካ የሚያስተምር ምሁር፣ ቁልፉ ያለው ከመሐል ሳይሆን ባሕርና የብስ ከሚገናኙበት ዳርቻ ነው ሲል ጻፈ።

ሦስቱም የጻፉት ስለ ታላላቅ መንግሥታት እንጂ ስለ እኛ ብለው አልነበረም። ነገር ግን በእነርሱ ዓይን ቀይ ባሕርን ስንመለከት ብዙ ነገር ይገለጥልናል። የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በ1869 ለአንድ የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ተገዛለት። በ1885 ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች፤ ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ ነገሩ ዐድዋ ደረሰ። ዛሬም ትንሿ ጂቡቲ የፈረንሳይን፣ የአሜሪካን፣ የጃፓንን፣ የኢጣልያንና ከ2017 ወዲህ የቻይናን ጦር ሰፈሮች አስቀምጣለች። ይህን ሁሉ ጦር የሚያስመጣው የባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ጥበብ የጀመሩት የአውሮጳ ሊቃውንት ብቻ ናቸው ብሎ የሚያስብ ተማሪ ቢኖር፣ የእቴጌ እሌኒን ታሪክ እንዲያነብ እንመክረዋለን። እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበረች። የዚያን ጊዜው ሐዲያ ከዛሬው ይበልጥ ሰፊ ሲሆን፣ በደጋው መንግሥትና በምሥራቁ የእስላም መንግሥታት መካከል ነበረ። እርስዋም ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተድራ በቤተ መንግሥት ብዙ ነገሥታትን ካየች በኋላ፣ በ1508 ሕፃኑ ልብነ ድንግል ሲነግሥ አገሪቱን በእንደራሴነት መራች። የቱርክ ኃይል እየበረታ፣ የዘይላም በር በአዳል እጅ መሆኑን ተመልክታ፣ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ በ1509 ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። የመልእክቷም ፍሬ ነገር፣ እኛ በየብስ ሠራዊትና ስንቅ አለን፣ በባሕር ግን ኃይል የለንም፤ እናንተ መርከብ አምጡ የሚል ነበረ። ማሃን ሊወለድ ከ300 ዓመት በላይ ሲቀረው የየብስን ኃይልና የባሕርን ኃይል ለይታ የተናገረች ይህች የሐዲያ ልጅ ነበረች! በየመጽሐፉ ስሟ ከማኪንደር ጎን ቢጻፍ አይበዛባትም እንላለን።

ቀጥሎ የሆነው ግን ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ የፖርቱጋል መልእክተኞችም በ1520 ምጽዋ ወረዱ። በዚህ መካከል ወጣቱ ንጉሥ የአዳልን ጦር ድል አድርጎ ስለ ነበረ ለእርዳታው ብዙም ሳይቸኩል መልእክተኞቹን ስድስት ዓመት አቆይቶ ሰደዳቸው። እሌኒ በ1522 ገደማ ዐረፈች። በ1529 የኢማም አሕመድ ጦር መጣ፤ እርስዋ የጠየቀችውም እርዳታ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ሆኖ የደረሰው በ1541 ነበረ። ባሕሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የዘይላም መንገድ ያው ነበረ። የተለወጠው የሚመለከተው ሰው ነበረ።

ሌላም ምሳሌ አለ። እስከ 1977 አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው ጣቢያ፣ ሶቪየት ኅብረትም በሶማልያ በበርበራ ሰፈር ነበራቸው። የኦጋዴን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሶቪየቶች ወደ ኢትዮጵያ ዞሩ፤ ሶማልያም በዚያው ዓመት በኅዳር አስወጣቻቸው፤ አሜሪካ በኋላ ከሶማልያ ጋር ተዋዋለች። ካርታው ሁለቱ ኃያላን ቀይ ባሕርን ለምን እንደሚፈልጉ ይነግረናል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ግን አይነግረንም።

ይህን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ከውጭ ንግዷ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነውን በጂቡቲ በኩል ታሳልፋለች። በ2024 መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ቢፈረም ሶማልያ ተቆጣች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቱርክ አስታራቂነት በአንካራ ስምምነት ሆነ። ከዚህ የተነሣ «ጂኦግራፊ ዕጣ ፈንታ ነው» የሚለውን አባባል በየቦታው እንሰማለን። ወደብ ያስፈልገናል ማለት እውነት ነው፤ ማዳበሪያውና ነዳጁ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። ስለዚህ መዋጋት ግድ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ራትዘል የተባለው ጀርመናዊ መንግሥትን እንደሚያድግ ፍጥረት ቆጥሮ የመኖሪያ ስፍራ ያስፈልገዋል ብሎ ቢጽፍ፣ በኋላ የመጡት ሐሳቡን የወረራ ፈቃድ አደረጉት። የኢጣልያ ፋሽስቶችም ተመሳሳይ ቃል ይናገሩ ነበረ፤ በ1935 በማን ላይ እንደ ዘመቱ አያቶቻችን ያውቃሉ። ከ1998 እስከ 2000 በባድመና በሌሎች ግንባሮች ከሁለቱም ወገን በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው አልቋል። እኛ ዕድሜያችን 18 ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው የእኛ ዕድሜ ነው።

አሁን ደግሞ እነዚህ መጻሕፍት ፈጽሞ ወደማያዩት ነገር እንምጣ። በካርታው ላይ የኢትዮጵያ ፊት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ባሕሩ ነው። የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜና የሺንሺቾ ልጆች ፊት ግን ከ2000 ወዲህ ወደ ደቡብ ነው። ከመካከላችን በደቡብ አፍሪካ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ የሌለው ጥቂት ነው። በጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ የሚነግደው ወንድማችን የሚልከው ገንዘብ እዚህ ቤት ይሠራል፣ የታናናሾቹንም ትምህርት ይከፍላል። መንገዱም በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከዚያም በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ያልፋል። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በ2022 በማላዊ በምዚምባ የጅምላ መቃብር ተገኘ።

ማኪንደር ስለ ደላላ አልጻፈም፤ ማሃንም በሣጥን ስለ ተጫነ ሰው አልጻፈም። እናቶቻችን ግን ስለ ውጭ ግንኙነት ሲጠይቁ የሚጠይቁት ስለ ባብ ኤል መንደብ አይደለም። ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ኬንያ ሊገባ ሲችል ከዚያ ወዲያ ለምን በሌሊት በጫካ እንደሚሄድ ነው። በታንዛንያ ወኅኒ የታሠረው ልጅ መቼ እንደሚለቀቅ፣ በጆሃንስበርግ በ2008ና በ2015 በመጻተኞች ሱቅ ላይ እንደ ደረሰው ያለ ዝርፊያ ሲነሣ ማን እንደሚናገርለት ነው። ይህም ከመንግሥት ጋር መንግሥት የሚነጋገርበት፣ ውል የሚዋዋልበት ጉዳይ ነው፤ ከወደቡ ጉዳይ በታች የሚቆጠርበትን ምክንያት እኛ አላገኘነውም።

ስለዚህ የክፍላችን ተማሪዎች ሌላ ካርታ በመሣል ላይ ነን። ሆሳዕናን ከመሐል አድርገን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የዘይላንና የጂቡቲን መንገድ፣ ወደ ደቡብም እስከ ጆሃንስበርግ ያለውን እናሰምራለን። የዘይላውን ከመጻሕፍት አገኘነው። የደቡቡን ግን የሚያውቁት እናንተ ወላጆቻችን ናችሁ። ልጆቻችሁ በስልክ የነገሯችሁን የከተሞችና የኬላዎች ስም፣ ከዚህ ስትወጡ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጡት ጓደኞቻችን እንድታስመዘግቡልን በትሕትና እንለምናለን።