ድኻ ተማሪ ትምህርቱን ስለ መፈጸሙ የተነገረ ቃል



በቅኔ ቤት ያደረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ከጉባኤ ቃና የሚጀምር ተማሪ ብዙ ነው፤ መወድስ ደርሶ ሙሉ ቤት የሚቀኝ ግን ጥቂት ነው። በመካከል የቀረውንም «ትምህርት አልገባው ብሎ ቀረ» ይሉታል። ነገር ግን ከቀሩት ስንቶቹ ቅኔው ከብዷቸው፥ ስንቶቹስ አኩፋዳቸው ባዶ ሆኖባቸው፥ ወይም እናታቸው ታመውባቸው እንደ ወጡ የቈጠረ የለም። የገባውን መቍጠር እንጂ የወጣውን መቍጠር በብዙ ተማሪ ቤት ልማድ አይደለም።

የወጡትን ቈጥሮ ምክንያቱን የመረመረ አንድ ተማሪ ቤት በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ አለ። የከተማዪቱ ዩኒቨርሲቲ ድኻውም ስደተኛውም የሚገባባቸው የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉት። ይሁን እንጂ ከሚገቡት ብዙዎቹ በንባብ፥ በጽሕፈት ወይም በሒሳብ ፈተና ወድቀው ወደ መሰናዶ ክፍል ይላኩ ነበር። የመሰናዶው ትምህርት ጊዜና ገንዘብ ይወስድ ነበር፥ ለዲፕሎማ ግን አይቈጠርም ነበር። በዚያ ላይ እንጀራ ፍለጋው አለ፥ የቤት ኪራዩ አለ፤ የሁለት ዓመቱ ትምህርት በሦስት ዓመትም ሳያልቅ ይቀራል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በፈረንጆች ቍጥር በ2007 ዓመት ኤሳፕ የሚባል ሥራ ጀመረ። ተማሪው ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት እንዲሰጥ ግዴታ ሆነ፤ የመሰናዶውንም ትምህርት ሳያዘገይ እንዲጨርስ ይመከር ነበር። የመንግሥት ርዳታ ያልሸፈነው ክፍያ ይማርለታል፥ መጻሕፍት ይሰጡታል፥ መካሪም ይመደብለታል። ለሌሎቹ ተማሪዎች አንድ መካሪ ከ600 እስከ 1,500 ሰው ሲይዝ፥ በዚህ ግን ከ60 እስከ 80 ብቻ ይይዝ ነበር። በቅኔ ቤት አስነጋሪው የእያንዳንዱን ተማሪ ስሕተት ለይቶ እንደሚያውቅ፥ ይህም መካሪ ልጁን በስሙ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው የባቡርና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ካርዱ ነው። ካርዱ በየወሩ ይሰጥ ነበር፤ የሚሰጠውም መካሪውን እየተገናኘ በሥርዐቱ ለሚሄድ ተማሪ ነበር። ሰሙ ካርድ፥ ወርቁ መገናኘት መሆኑ ነው። ድኻ ልጅ «ና፥ ተመከር» ቢሉት ያፍራል፤ «ና፥ መሳፈሪያህን ውሰድ» ቢሉት ግን ይመጣል፥ ከመጣም የተቸገረበትን ይናገራል።

መርማሪዎች 896 ድኾች ተማሪዎችን በዕጣ ከሁለት ከፍለው አስተያዩ። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከተረዱት ከመቶው 40፥ ካልተረዱት ከመቶው 22 ዲፕሎማ ተቀበሉ። የለያቸው ዕጣ ነው እንጂ አእምሮ አይደለም። ኋላም በኦሃዮ ሦስት ኮሌጆች ይኸው ሥራ ተሞክሮ 35 በ19 ሆነ። ወጪው ግን ቀላል አልነበረም፤ በኒውዮርክ ለአንድ ተማሪ በሦስት ዓመት 16,300 ዶላር ያህል ተጨምሯል። ሆኖም ሒሳቡ በገባው ሳይሆን በተመረቀው ሰው ቍጥር ሲካፈል፥ ለአንድ ምሩቅ የወጣው ካለ ርዳታው ከሚወጣው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህም ሁሉ ተደርጎ ከመቶው 60 በሦስት ዓመት አለመፈጸማቸው ሊሸሸግ አይገባም።

በኢትዮጵያ ችግሩ ገና ከደጃፉ ይጀምራል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845,000 በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 27,267 ብቻ ነበሩ። ይህን ደጅ ያለፈ የገበሬ ልጅ ብዙ ጊዜ ከአገሩ ርቆ ይመደባል፤ ምግብና ማደሪያ ቢያገኝ እንኳ ለሳሙና፥ ለወረቀት፥ ለመንገድ የሚሆነው ያጣል። ይህንም ለማንም አይናገርም።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ከአጥቢያው ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገቡትን ልጆች ስም በመዝገብ ቢጽፍ፥ ለእያንዳንዱም አንድ ጠያቂ ሰው ቢመድብለት መልካም ነው። ጠያቂውም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ሲልክ ትምህርቱ እንዴት እንደ ሆነ ልጁን ይጠይቀው። ትምህርቱን ትቶ የወጣም ቢኖር፥ የወጣበት ምክንያት ከስሙ አጠገብ በዚያው መዝገብ ይጻፍ።