የሙዚቃ ተማሪ ውድቀትና መነሣት

ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር



የትምህርት ቤት ሙዚቀኞች በበዓል ቀን ንጹሕ ልብስ ለብሰው፥ የነሐስ መሣሪያቸውን ወልውለው፥ በከበሮው ምት እግራቸውን አስተካክለው ሲያልፉ ያየ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን ያ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሰልፍ በስንት ወር ድካምና በስንት እፍረት እንደ ተገዛ የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ የሚነገረውም ስለዚሁ ስለ ተሰወረው ነገር ነው።

አንድ የ12 ዓመት ልጅ በሐሳባችሁ አቁሙ። ይህ ልጅ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ገብቶ ኮርኔት የሚባለውን አጭር ጥሩንባ ተቀበለ። በመጀመሪያው ቀን ጉንጩን ነፍቶ ያለ የሌለ ትንፋሹን ቢያፈስበት መሣሪያው ዝም አለው። ምክንያቱም ድምፅ የሚወጣው በትንፋሽ ብዛት ሳይሆን ከንፈር ተገጥሞ ሲንቀጠቀጥ ስለ ሆነ ነው። መሣሪያው የጣት መጫኛው 3 ብቻ ነውና ላየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጣት ሳይነቃነቅ ከንፈርን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ብዙ ልዩ ልዩ ድምፅ ይወጣል። ስለዚህ ጣቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ድምፁ ሊሳሳት ይችላል። ከንፈሩ ሲዝል ትናንት የታዘዘለት ከፍተኛ ድምፅ ዛሬ እምቢ ይለዋል። በብርድ ማለዳ ደግሞ የመሣሪያው ድምፅ ዝቅ ይላል፤ የትንፋሹም እንፋሎት በቧንቧው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይጠራቀምና እንደ ተጣደ ድስት ይንተከተካል። እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን ደስ ብሎት፥ አንድ ቀን ተክዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በቤቱም ሌላ ፈተና ይቈየዋል። ልምምድ ሲጀምር ውሻው ይጮኻል፥ ጎረቤቱም በአጥር ላይ ያጕረመርማል፤ አባቱም፦ «ልጄን ፊደል ይቍጠር ብዬ ላክሁት እንጂ ጥሩንባ ነፊ ይሁን አላልሁም» ይላል። ይህ ቃል ከየት እንደ መጣ የታወቀ ነው። በአገራችን በቀድሞ ዘመን አንጥረኛውንና ሸማኔውን እንደ ናቁ ሁሉ አዝማሪውንም መናቅ ልማድ ነበረ፤ በዘፈኑ እየተደሰቱ ልጅን ለዘፋኝነት መስጠት ግን እንደ ውርደት ይቈጠር ነበር።

እንዲህ የሚያስብ ወላጅ ግን የአርባ ልጆችን ታሪክ ያስታውስ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ በአርመኖች የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የሚያድጉ የሙት ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደዱ። እነዚህ ልጆች በኦቶማን መንግሥት ዘመን በአርመን ሕዝብ ላይ በወረደው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ 40ው ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ አዲስ አበባ ገቡና የመንግሥት ሙዚቀኞች ሆኑ። አገሩ እንግዳ፥ ቋንቋውም ያልለመዱት ነበረ፤ የሚገናኙበት ግን አንድ ነገር ነበራቸው፤ እርሱም አብሮ መንፋት ነው። መምህራቸው ያዘጋጀው ዜማ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ሰጥቶት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ ዘውዱ መንግሥት ፍጻሜ ድረስም የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ጥሩንባ መንፋት ውርደት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ክብር ከወዴት በመጣ?

አሁን ወደ ልጃችን እንመለስ። ከብዙ ወር በኋላ ድምፁ ተስተካከለና ዜማውን የሚመራውን የአንደኛውን ኮርኔት ቦታ ተስፋ አደረገ፤ መምህሩ ግን በሦስተኛው ላይ አቆመው። ሦስተኛው ኮርኔት ከዜማው በታች ሆኖ ጥቂት ድምፆችን የሚደጋግም ነውና ብቻውን ሲነፋ ምን ዜማ እንደ ሆነ አይታወቅም። ታናሽ እኅቱ ብትሰማው፦ «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ዘፈን ነው?» ብላ ሳቀችበት፤ እርሱም መልስ አጣ።

በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን የባሰ መጣ። በማርሹ መካከል ሦስተኛዎቹ 32 ምት በዝምታ ቈጥረው እንደ ገና የሚገቡበት ስፍራ ነበረ። ልጁ ሕዝቡን ሲመለከት ቍጥሩ ጠፋበትና በ28ኛው ላይ ብቻውን ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ጓደኞቹም ዞር ብለው አዩት፤ የቀረውን ሁሉ ከንፈሩን አስጠግቶ ሳይነፋ ጨረሰ።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን የማያውቅ ልጅ የለም። ያሬድ ትምህርት ከብዶት ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ እየወደቀች፥ ደግማ እየጀመረች፥ በመጨረሻ ስትደርስ አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ ይባላል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ትሏ ስትወድቅ ድምፅ አልነበራትም፥ የሳቀባትም የለም። የሙዚቃ ተማሪ ግን የሚወድቀው ሰው ሁሉ እየሰማው ነው። ስለዚህ ለእርሱ ከመውደቅ ይልቅ መመለስ ይከብዳል።

ልጁም ሁለት የልምምድ ቀን ቀረ። በሦስተኛው መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሊመልስ ሄደና ከበሩ ውጭ ቆመ። በውስጥ ያንኑ ማርሽ ይጫወታሉ። ዜማው አለ፥ ከበሮውም አለ፤ ነገር ግን በዜማውና በወፍራሙ ድምፅ መካከል አንድ ስፍራ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ ተሰማው። ያ ክፍት ስፍራ የእርሱ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም፤ በገዛ ጆሮው ዐወቀው። መምህሩም ባየው ጊዜ አልተቈጣም፤ እንዲህ ብቻ አለው፦ «ስሕተትህን የሰማው ሕዝብ ዛሬ ረስቶታል፤ ቦታህ ባዶ መሆኑን ግን ጓደኞችህ በየቀኑ ይሰሙታል። ግባና ቍጠር።» ልጁም ጨርቁን ፈትቶ ገባ።

በሚቀጥለው በዓል አባትየው ራሱ መጣ። ሲያበቃ ልጁን ጠርቶ፦ «ሁሉንም ሰማሁ፤ ያንተ ድምፅ ግን የትኛው እንደ ሆነ መለየት አቃተኝ» አለው። ልጁም፦ «አባባ፥ እኔ ባልነፋ ኖሮ ይታወቅዎት ነበር» ብሎ መለሰ። አባትየው ጥቂት ዝም ብሎ መሣሪያውን ከልጁ እጅ ተቀበለና እስከ ቤት ድረስ ተሸክሞለት ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በማታ ልምምድ ጊዜ ውሻውን የሚያስር አባትየው ሆነ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ የሙዚቃ ተማሪ እንደ ሆነ ብዙ ወጪ አይጠይቃችሁም። በቀን ግማሽ ሰዓትና አንድ የቤት ጥግ ስጡት፤ ድምፁ ሲሰበርም አትሳቁበት፤ ዜማ የሌለው የሚመስለው ልምምዱ የሌሎች ዜማ የሚቆምበት መሠረት ሊሆን ይችላልና።

እናንተም ተማሪዎች ሆይ፥ የመጀመሪያው ወንበር ስላልደረሳችሁ አትዘኑ። ዝምታችሁን በትክክል ቍጠሩ፤ የባልንጀራችሁን ድምፅ ከራሳችሁ ድምፅ አስቀድማችሁ ስሙ፤ ጓደኛችሁ ሲሳሳትም ዞር ብላችሁ አትዩት፤ ምቱን አጽንታችሁ ብትቀጥሉ የሚመለስበትን መንገድ ያገኛል። ይህን የለመደ ልጅ ጥሩንባውን ትቶ ገበሬ ወይም ሐኪም፥ ነጋዴ ወይም ዳኛ ቢሆን እንኳ፥ ሰው ሁሉ በሚሰማው ስፍራ ወድቆ መነሣትን ያወቀ፥ ቦታውንም ባዶ የማይተው ሰው ይሆናል።