የዮርክ ክለብ አንሺዎች እና እንጀራቸው



ስለ ብርቱዎች ሲወራ የሚቀድመው ያነሡት ኪሎ ነው። እኔ ዛሬ ከኪሎው በፊት ስለ ደመወዛቸው ልናገር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ አሜሪካ በሥራ አጥነት በተጨነቀችበት ዘመን፣ ቦብ ሆፍማን የተባሉ ባለፋብሪካ በፔንስልቬንያዋ ዮርክ ከተማ ክብደት አንሺዎችን በቤት ማሞቂያ መሣሪያ ፋብሪካቸው እየቀጠሩ አንድ ክለብ አጠናከሩ። ከክለቡ አባላት ቶኒ ተርላዞ በ1936 በርሊን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። ሆፍማን ጻድቅ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ የስፖርት ብረትም ይሸጡ ነበርና ሻምፒዮኖቹ ማስታወቂያቸው ነበሩ። ቢሆንም አንሺው እንጀራ ነበረው።

ፓወርሊፍቲንግም ከዚያው ቤት ብዙ አግኝቷል። ስኳት፣ ቤንች ፕሬስና ዴድሊፍት ለኦሊምፒክ አንሺዎች የማጠናከሪያ ልምምዶች ነበሩ፤ በ1964 ግን በዮርክ ራሱን የቻለ አገር አቀፍ ውድድር ተደረገባቸው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1972 ነው።

በአማካሪነት የማነባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች የጡንቻን ውፍረትና የልምምድን ሰዓት በጥንቃቄ ይለካሉ። አንሺው ልምምዱን ያቋረጠበትን ወር ይመዘግባሉ፤ በዚያ ወር ሥራ ነበረው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የዘንድሮ ተመራቂዎች መጠይቃችሁን ገና አላባዛችሁም፤ ይህችን ጥያቄ ጨምሩልኝ።