አንጐል ለጆሮ ስለሚሰጠው ትእዛዝ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰማነው ንግግር)



«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። አባባሉ ስለ ሐሜት የተነገረ ነውና አንከራከረውም፤ ሥጋዊው ጆሮ ግን ለባለቤቱ ባዳ ሳይሆን ታዛዥ ነው።

ድምፅ ከውስጥ ጆሮ ተነሥቶ በነርቭ ወደ አንጐል ግንድ፣ ቀጥሎ ታላሙስ ወደሚባለው ክፍል፣ በመጨረሻም በጆሮ ግንድ በኩል ወዳለው የአንጐል ቅርፊት እንደሚወጣ ተምረናል። ይህ መንገድ ግን መውረጃም አለው። እንዲያውም ከቅርፊቱ ወደ ታላሙስ የሚወርዱት የነርቭ ክሮች ከሚወጡት በቍጥር ይበልጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ ወደ መካከለኛው አንጐልና ወደ ግንዱ ይዘልቃሉ። ከግንዱ ተነሥተው እስከ ውስጥ ጆሮ የሚደርሱ ክሮች መኖራቸውን ራስሙሰን የተባለ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ገለጸ። በ1956 ደግሞ ጋላምቦስ እነዚህን ክሮች በድመት ላይ በኤሌክትሪክ ቢያነቃቸው የጆሮው ነርቭ ምላሽ ቀነሰ። ከክሮቹ አንዳንዶቹ የሚያርፉት ደካማ ድምፅ በሚያጐሉት ሕዋሶች ላይ ነው፤ በሰው ጆሮ እነዚህ 12,000 ያህል ናቸው።

ታዲያ ከላይ የሚወርደው ትእዛዝ ጥቅሙ ምንድን ነው? የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ያወጡት ሥራ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ሽለምጥማጥ የምትመስለውን ፌሬት የተባለች እንስሳ አንድ ጆሮዋን ደፈኑባት። በመጀመሪያ ድምፁ ከወዴት እንደመጣ መለየት ተሳናት፤ በየዕለቱ ስትለማመድ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሻላት። ከቅርፊቱ ወደ መካከለኛው አንጐል የሚወርዱት ሕዋሶች የጠፉባቸው ፌሬቶች ግን፣ ጆሯቸው ሳይደፈን ደኅና ይለዩ የነበሩት ሁሉ፣ ቢለማመዱም አልተሻሻሉም። እንግዲህ መስማትን እንደገና ለመማር የሚወርደው መንገድ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጆሮው መግል ይዞ የሚሰነብት ልጅ ከኋላ ተቀምጦ «አይሰማም» ተብሎ ሲቈጡት እናያለን። ቋንቋችን አለመስማትንና አለመታዘዝን በአንድ ቃል መጥራቱ ለዚህ ልጅ አልበጀውም። ጆሮው ጤነኛ የሆነ ልጅ እንኳ በጫጫታ መካከል ቃል መለየት ሊያቅተው ይችላል፤ የመስማት ሥራ በጆሮ ብቻ አያልቅምና።

ስለዚህ ወላጆቻችን ጆሮው የሚመግል ልጅ ሲኖር «በራሱ ይደርቃል» ሳይሉ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት፣ መምህሮቻችንም ልጁን ከፊት፣ ደኅናው ጆሮው ወደ እነርሱ እንዲሆን አድርገው እንዲያስቀምጡት በአክብሮት እንለምናለን። ወንበራችንን ለመልቀቅ እኛ ዝግጁ ነን።